ሞሶች በተፈጥሮ ሲዳቀሉ፦ ዲቃላውን የት እንፈልገው?

ጅሬን ማዶ (ክሩን የከፈተ)

ጤና ይስጥልን። ክረምት ሲገባ በጅማና በአካባቢዋ የሚነሡ የሞስ ፎቶግራፎች ይበዛሉ፤ ከፎቶግራፎቹም ጋር «ይህ የሁለት ዝርያዎች ዲቃላ ሳይሆን አይቀርም» የሚል አስተያየት አብሮ ይመጣል። የሚቀርበው ምክንያት ብዙውን ጊዜ አንድ ነው፦ ቅጠሉ የአንዱን ዝርያ፣ አቋሙ የሌላውን ይመስላል። ይህን ክር የከፈትሁት ምክንያቱ ለሞስ ለምን እንደማይበቃ ለማስረዳት፣ ከዚያም በሞሶች፣ የሞስ ዘመድ በሆኑት ትንንሽ ዕፅዋት በሊቨርወርቶችና በሆርንወርቶች ዘንድ ተፈጥሯዊ መዳቀል መኖር አለመኖሩን ለማወቅ ዓይናችንን ወዴት ማዞር እንዳለብን ለመነጋገር ነው።

በአበባ ተክሎች የለመድነው የሕይወት ሥርዓት በሞስ ላይ ተገልብጦ ይገኛል። ድንጋይና ግንድ ለብሶ የምናየው አረንጓዴ አካል ጋሜቶፋይት ሲሆን በእያንዳንዱ ሕዋሱ ውስጥ አንድ ስብስብ ክሮሞዞም ብቻ አለው። ስፐርሙ በውኃ ውስጥ ዋኝቶ በሴቴዋ አካል ላይ ያለውን እንቁላል ሲያገኝ የሚፈጠረው ስፖሮፋይት፣ ማለትም ያ ቀጭን ዘንግና በጫፉ ያለው የስፖር (እንደ ዘር የሚበተኑ ደቂቅ ሕዋሳት) ከረጢት፣ ሁለት ስብስብ ይይዛል፤ ከእናቱም ሳይለይ፣ ውኃና ምግብ ከእርሷ እየሳበ፣ ስፖሩን እስኪበትን ድረስ እዚያው ይኖራል። እንግዲህ ስፐርሙ ከሌላ ዝርያ የመጣ ከሆነ፣ የመጀመሪያው ትውልድ ዲቃላ ይኸው ዘንግና ከረጢት ብቻ ነው። ከሥሩ ያለው ቅጠል በሙሉ የእናቲቱ ስለሆነ በእርሱ ላይ የአባትን አሻራ መፈለግ ከንቱ ድካም ይሆናል።

ዌይሲያ የሚባለው የሞስ ወገን ለዚህ ግልጽ ማስረጃ ይሰጣል። ዌይሲያ ኮንትሮቨርሳ ከረጢቱን በዘንግ ከቅጠሎቹ በላይ አውጥቶ ይይዛል፤ ከረጢቱም ሲበስል የሚወድቅ ክዳን አለው። የዌይሲያ ሎንጊፎሊያ ዘንግ ግን እጅግ አጭር በመሆኑ ከረጢቱ በቅጠሎቹ መካከል ተሸሽጎ ይቀራል፤ ክዳንም አይከፍትም። ሁለቱ ተቀላቅለው በሚበቅሉባቸው የአውሮፓ ሜዳዎች ዘንጋቸው መካከለኛ፣ ስፖራቸው በአብዛኛው የጨነገፈ ስፖሮፋይቶች ከመቶ ዓመት በላይ ለሆነ ጊዜ ሲመዘገቡ ኖረዋል። ቅጠሉን ብቻ የተመለከተ ሰው በዚያ የሞስ ጉብታ ላይ አንዳች ልዩ ነገር አያይም።

በዚህም ላይ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ከረጢቱን በለጋነቱ የሚሸፍነው ቆብ ከእናቲቱ አካል የተሠራ ሲሆን የከረጢቱን አስተዳደግ እንደሚገዛ በሙከራ ታውቋል፤ ቆቡ ያለጊዜው የወደቀበት ወይም ድርቅ የመታው ከረጢት ቅርጹ ይዛባል። ስለዚህ መካከለኛ የሚመስል ከረጢት ሲገኝ ተከፍቶ ስፖሩ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት። መጠናቸው የተዘበራረቀ፣ ቡናማና የተጨማደዱ ስፖሮች ከመካከለኛ ዘንግ ጋር አብረው ከተገኙ፣ በአካባቢውም ሁለቱ ወላጆች ካሉ፣ ያን ጊዜ ስለ መዳቀል መናገር ተገቢ ነው። የቅጠል መልክ ግን በብርሃንና በእርጥበት ይለዋወጣል፤ ያው አንድ ዝርያ በቡና ጥላ ሥርና ፀሐይ በሚመታው የድንጋይ አጥር ላይ ሁለት ዝርያ እስኪመስል ድረስ ይለያያል።

---

የቆጪ መምህርት

ጤና ይስጥልኝ ወንድሜ። ስለ መጀመሪያው ትውልድ የጻፍኸውን ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ለተማሪዎቼም የማስተምረው ይህንኑ ነው። ነገር ግን ጉዳዩ እዚያ ላይ የሚቆም አይመስለኝም። ዲቃላው ከረጢት ውስጥ ጥቂትም ቢሆን ጤናማ ስፖር ከተገኘ፣ ያ ስፖር በሚዮሲስ (የክሮሞዞም ብዛት በግማሽ በሚቀነስበት የሕዋስ ክፍፍል) የሁለቱን ወላጆች ክሮሞዞሞች አደባልቆ የወሰደ ነው። መሬት ላይ ወድቆ ሲበቅል መጀመሪያ ክር የመሰለ ፕሮቶኔማ፣ ቀጥሎም ቅጠል ያለው አረንጓዴ ተክል ይሆናል፤ ያ ተክል ደግሞ በእውነት የተቀላቀለ ነው። ስለዚህ በቅጠል ላይ የመዳቀል ምልክት ፈጽሞ አይታይም ብለን ከደመደምን ሁለተኛውንና ከዚያ በኋላ ያለውን ትውልድ በሙሉ ከዓይናችን እናወጣለን። ሰዎች የሚያነሡአቸው ፎቶግራፎች የዚህ ትውልድ ቢሆኑስ?

---

ጅሬን ማዶ

መምህርት፣ ያነሣሽው ነጥብ የጉዳዩ እምብርት ነው፤ ሰፋ አድርጌ ልመልስ።

ኦስትሪያዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ፍሪትዝ ፎን ቬትሽታይን በ1920ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ የተባለውን ሞስ ፊስኮሚትሪየም ፒሪፎርሜ ከተባለው ሌላ ሞስ ጋር አዳቅሎ ዘሩን ተከታትሎ ነበር። ሁለቱ የተለያየ ወገን ተብለው የተመደቡ ናቸው፤ ሆኖም ስፖሮፋይት ሰጡ። በዚያ ሥራ ከታዩት ነገሮች አንዱ እናትና አባት ቦታ ሲለዋወጡ ዘሩም የሚለያይ መሆኑ ነው፤ የእናቲቱ ሳይቶፕላዝም (ከሕዋሱ አስኳል ውጭ ያለው ክፍል) ድርሻ እንዳለው ቬትሽታይን የተከራከረው በዚህ ማስረጃ ነው። የፉናሪያና የፊስኮሚትሪየም ዲቃላ ከረጢት ከቤተ ሙከራ ውጭም ተገኝቷል። በዚህ ቤተሰብ ውስጥ ያሉ ተክሎች በአብዛኛው ወንዴና ሴቴ አካላትን በአንድ ተክል ላይ ስለሚይዙ ስፐርሙ ከገዛ ተክሉ የሚመጣበት ዕድል ከፍተኛ ነው፤ እንዲያም ሆኖ መዳቀሉ አልቀረም።

አሁን ወደ ጥያቄሽ። ከዲቃላ ከረጢት የወጣው ስፖር አንድ ስብስብ ክሮሞዞም ብቻ ስላለው ጉድለቱን የሚሸፍንለት ሁለተኛ ቅጂ የለም። በቡና ወይም በበቆሎ ከአባት የመጣ የማይስማማ ጂን ቢኖር ከእናት የመጣው አቻው ሊደብቀው ይችላል፤ በሞስ ግን እያንዳንዱ አለመስማማት ከመጀመሪያዋ ሕዋስ ጀምሮ ፊት ለፊት ይወጣል። ከኒው ዮርክና ከኢኳዶር የመጡ ሴራቶዶን ፐርፑሪየስ የተባለው ሞስ ተክሎች ተዳቅለው ዘሩ በክሮሞዞም ካርታ ሲመረመር፣ አንዳንድ የጂን ቅንብሮች ከሚጠበቀው በታች፣ ሌሎቹ ከሚጠበቀው በላይ ሆነው ተገኙ። እነዚህ ገና አንድ ዝርያ ተብለው የሚጠሩ ናቸው። በሁለት ዝርያዎች መካከል ማጣሪያው የበለጠ ጥብቅ እንደሚሆን መገመት አያስቸግርም።

ከዚህ የሚከተለው ለፎቶግራፍ አንሺዎች ደስ የማያሰኝ ነገር ነው። ማጣሪያውን አልፎ የሚያድገው ተክል ብዙውን ጊዜ ከአንዱ ወላጅ ጋር በጣም የሚመሳሰልና ከሌላው ጥቂት ጂን ብቻ የወሰደ ይሆናል። ግማሽ በግማሽ የሚመስል ቅጠል ይዞ መቆም ግዴታው አይደለም። የስዊድን ተመራማሪዎች ሆማሎቴሲየም ሉቴሰንስና ሆማሎቴሲየም ሴሪሴየም የተባሉትን ሁለት ሞሶች በዲኤንኤ ሲመረምሩ ዲቃላ ስፖሮፋይቶችን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ዝርያ ጂን የተሸከሙ አረንጓዴ ተክሎችንም አግኝተዋል። እንዲህ ያለው የጂን ዝውውር በዓይን ብቻ የሚያዝ አይደለም። ስለዚህ ሁለተኛው ትውልድ መኖሩን ሳልክድ፣ በቅጠል ላይ ተመሥርቶ «ዲቃላ ነው» ማለትን አሁንም አልቀበልም።

---

ቡና ከመልኮ

ሥራዬ ከቡና ጋር ስለሆነ ስለ ሞስ የማውቀው ጥቂት ነው፤ ነገር ግን ይህን ውይይት ሳነብ ዝም ማለት አልቻልሁም። በጅማ ጫካ ሥር የሚበቅለው አረቢካ ራሱ በተፈጥሮ የተዳቀለ ዝርያ ነው። ወላጆቹ የሆኑት ካኔፎራና ዩጂኒዮይደስ የተባሉት የቡና ዝርያዎች እያንዳንዳቸው 22 ክሮሞዞም ሲኖራቸው አረቢካ 44 አለው፤ የሁለቱንም ሙሉ ስብስብ ይዞ የቀረ ስለሆነ። በ2024 (እ.ኤ.አ.) የወጣ የጂኖም ጥናት መዳቀሉን ከ600 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ያደርሰዋል። የሰው እጅ አልገባበትም። በምርምር ጣቢያ የምናዳቅላቸው እንደ አባቡና ያሉት ዝርያዎች ደግሞ በአረቢካ ውስጥ ያሉ ሁለት መስመሮችን በማገናኘት የሚገኙ ሲሆን፣ የምንፈልገው በመጀመሪያው ትውልድ የሚታየውን ብርታት ነው።

ሁለት ጥያቄ አለኝ። በሞስ ዲቃላ ላይ እንዲህ ያለ ብርታት ይታያል ወይ? እንደ አረቢካ ሁለቱን ስብስብ ጠቅልሎ ይዞ አዲስ ዝርያ የሆነ ሞስስ አለ?

---

ጅሬን ማዶ

ጥያቄዎቹ በጣም ጥሩ ናቸው፤ በተለይ ሁለተኛው።

ስለ ብርታቱ አጭር መልስ ልስጥ። ብርታቱ ሊታይ የሚችለው ሁለቱ ስብስቦች አብረው ባሉበት በስፖሮፋይቱ ላይ ነው፤ ስፖሮፋይቱ ደግሞ ከእናቱ የሚመገብና ዕድሜው አጭር ስለሆነ ገበሬ በቡና ላይ የሚያየውን ዓይነት ለውጥ አያመጣም።

ስለ ሁለተኛው ግን ብዙ የሚነገር አለ። ፕላጊዮምኒየም ሜዲየም የሚባለው ሞስ ፕላጊዮምኒየም ኤሊፕቲኩምና ፕላጊዮምኒየም ኢንሲግኔ ተዳቅለው፣ የክሮሞዞም ስብስባቸውም ተደምሮ የተገኘ ዝርያ መሆኑ በ1988 (እ.ኤ.አ.) በኤንዛይም ልዩነት ምርመራ ተረጋገጠ። የወላጆቹ ጋሜቶፋይት 6 ክሮሞዞም ሲኖረው የሜዲየም 12 ነው። ከዚህም በላይ ይህ ዝርያ አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን በተለያየ ቦታና ጊዜ ከአንድ በላይ ጊዜ እንደ ተወለደ ያው ምርመራ አሳየ። በሞሶች ዘንድ መዳቀል ብርቅና ፍሬ ቢስ ክስተት ነው የሚለው የቆየ አመለካከት መነቃነቅ የጀመረው እንዲህ ባሉ ሥራዎች ነው።

እዚህ ላይ እርስዎ ከቡና የሚያውቁትን አንድ ነገር ላገናኝ። ካኔፎራ በራሱ ብናኝ ማፍራት አይችልም፤ አረቢካ ግን ይችላል። በፕላጊዮምኒየምም ነገሩ በዚሁ አቅጣጫ ይሄዳል፤ ሁለቱ ወላጆች ወንዴና ሴቴያቸው በተለያየ ተክል ላይ ሲሆን ሜዲየም ሁለቱንም በአንድ ቡቃያ ላይ ይይዛል። ምክንያቱ ደግሞ በሞሶች የፆታ ክሮሞዞም አሠራር ይገለጻል። ወንዴና ሴቴያቸው በተለያየ ተክል ላይ በሆኑ ሞሶች ሴቴዋ ዩ፣ ወንዴው ቪ የሚባል ክሮሞዞም ይይዛል። ሁለት ስብስብ ያለው ጋሜቶፋይት ከተገኘ ዩና ቪ በአንድ ሕዋስ ውስጥ ሊገናኙ ይችላሉ፤ ያን ጊዜ ተክሉ ወንዴም ሴቴም ይሆናል። አዲስ የተወለደ ዝርያ መጀመሪያ ላይ ብቻውን ስለሆነ፣ ሌላ አጋር ሳይፈልግ ስፖር መሥራት መቻሉ ለመዝለቁ ትልቅ እገዛ ነው። ቡናም ሆነ ሞስ ከዚህ መንገድ የተጠቀሙ ይመስለኛል።

ሁለት ስብስብ ያለው ጋሜቶፋይት እንዴት ይገኛል የሚለው ቀጣዩ ጥያቄ ነው። አንደኛው መንገድ ሚዮሲስ ሲሰናከል የክሮሞዞም ብዛቱ ያልተቀነሰ ስፖር መፈጠሩ ነው። ሁለተኛውን መንገድ ቤልጂየማውያኑ አባትና ልጅ ኤሊና ኤሚል ማርሻል ከ1907 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ባሳተሙት ሥራ አሳይተዋል፦ የስፖሮፋይት ዘንግ ተቆርጦ በእርጥብ ቦታ ሲቀመጥ ስፖር ሳይሠራ በቀጥታ ፕሮቶኔማ ያበቅላል፤ የሚወጣውም ተክል ሁለት ስብስብ ይይዛል። ዲቃላ ዘንግ በከብት ኮቴ ወይም በቀንድ አውጣ ተቆርጦ እርጥብ መሬት ላይ ቢወድቅ ተመሳሳይ ነገር ሊሆን ይችላል። ስፖሩ ሁሉ የጨነገፈ ዲቃላ እንኳ በዚህ መንገድ ዘር ሊያስቀር መቻሉ ሁልጊዜ ያስደንቀኛል።

---

ቡና ከመልኮ

እጅግ አመሰግናለሁ። ዩጂኒዮይደስም በራሱ ብናኝ እንደማያፈራ ልጨምርበት፤ ንጽጽሩ ስለዚህ በሁለቱም ወላጆች በኩል ይጸናል።

---

አባ ጫካ (ሸቤ)

ሰላም ለሁላችሁ ልጆቼ። እኔ የምኖረው በለጠ በሚባለው ጫካ አጠገብ ነው። በአንድ የሰሳ ወይም የቀረሮ ግንድ ላይ ስንት ዓይነት ሞስ ተጠላልፎ እንደሚበቅል በየቀኑ አያለሁ፤ አንዱ ከግንዱ ተለጥፎ፣ ሌላው ከቅርንጫፍ ተንጠልጥሎ፣ ሦስተኛው በሁለቱ መካከል ገብቶ ነው። የእናንተ ነገር እውነት ከሆነ፣ እንዲህ ተቀላቅለው የሚኖሩ ሁሉ በሺህ ዓመት ውስጥ ተዳቅለው አንድ መሆን አልነበረባቸውም? የሚያግዳቸው ምንድን ነው?

---

የቆጪ መምህርት

አባ ጫካ፣ እንኳን ደኅና መጡ። የጠየቁትን ለመመለስ ልሞክር፤ ወንድማችን የጎደለውን ይሙላበት።

የመጀመሪያው አጥር ርቀት ነው። የሞስ ስፐርም ሁለት ጅራፍ መሰል ጭራዎች ያሉት ሕዋስ ሲሆን የሚዋኘው በውኃ ቀጭን ሽፋን ውስጥ ብቻ ነው፤ ራሱን ችሎ የሚሄደውም ከጥቂት ሴንቲሜትር አይበልጥም። እንደ ፖሊትሪከም ያሉት ሞሶች የዝናብ ጠብታ ሲያርፍባቸው ስፐርሙን የሚረጭ ሳህን መሰል ጫፍ አላቸው፤ ይህ ርቀቱን ይጨምርላቸዋል። ረዳትም አለ። በ2006 (እ.ኤ.አ.) የታተመ የስዊድን ሙከራ በእርጥብ አፈር ውስጥ የሚኖሩት ስፕሪንግቴይሎችና ማይቶች የተባሉ ጥቃቅን ፍጥረታት የብራየም አርጀንቴየምን ስፐርም ተሸክመው ውኃ በማያገናኛቸው ወንዴና ሴቴ መካከል እንደሚያደርሱ አሳየ። በ2012 ደግሞ የሴራቶዶን ወንዴና ሴቴ የተለያየ ሽታ እንደሚያወጡ፣ ስፕሪንግቴይሎቹም ወደ ሴቴዋ እንደሚያደሉ ተረጋገጠ። ብራየም አርጀንቴየም በጅማ ከተማም በእግረኛ መንገድ ስንጥቆችና በግድግዳ ሥር የሚገኘው ያ ብርማ ሞስ ነው።

ሁለተኛው አጥር ጊዜ ነው። ሁለት ዝርያዎች በአንድ ግንድ ላይ ቢኖሩም አንዱ ስፐርሙን በክረምት መግቢያ፣ ሌላው በመውጫው የሚያዘጋጅ ከሆነ አይገናኙም። ሦስተኛው የጂኖቹ አለመስማማት ነው፤ እርሱ ከላይ ተነግሯል። አንድ ተጨማሪ ነገር ደግሞ አለ፦ በግንድ ላይ ጎን ለጎን የሚያዩአቸው ሞሶች አብዛኛውን ጊዜ በጣም የተራራቁ ወገኖች ናቸው። ጎረቤት መሆናቸው ዘመድ አያደርጋቸውም። መዳቀል የሚጠበቀው በአንድ ወገን ውስጥ ባሉ ቅርብ ዝርያዎች መካከል ስለሆነ፣ የምንፈልገው ብዙ ዓይነት የተቀላቀለበትን ግንድ ሳይሆን ሁለት የቅርብ ዘመዶች የተገናኙበትን ነው።

---

ጅሬን ማዶ

ለመምህርት መልስ አንድ ነገር ልጨምር፤ ምክንያቱም ለእኛ አካባቢ ከሁሉ የሚቀርበው ይህ ነው ብዬ አምናለሁ።

ርቀትን ከሥሩ የሚያስቀር አንድ የኑሮ ዘዴ አለ። በአንዳንድ ሞሶች የወንዴው ስፖር በሴቴዋ ቅጠል ላይ ሲያርፍ ሙሉ ተክል ሳይሆን ዓይን የማይለየው ድንክ ወንዴ ሆኖ እዚያው ይበቅላል። ስፐርሙ የሚጓዘው ከዚያ በኋላ ሚሊሜትሮችን ብቻ ነው። ይህ ሲሆን ጥያቄው ይለወጣል፦ የሌላ ዝርያ ስፖር በዚያች ሴቴ ላይ ቢያርፍስ? ስፐርም በሴንቲሜትር የሚለካ መንገድ ሲኖረው ስፖር ግን በነፋስ ኪሎሜትሮችን ያቋርጣል። ቅድም የጠቀስኋቸው የሆማሎቴሲየም ዝርያዎች ድንክ ወንዴ ያላቸው መሆናቸው በአጋጣሚ አይመስለኝም።

በሞቃታማው ዓለም ደኖች በዛፍ ላይ የሚኖረው ማክሮሚትሪየም የሚባለው ወገን በድንክ ወንዴዎቹ የታወቀ ነው። አባ ጫካ በየቀኑ የሚያዩት ግንድ ለዚህ ምርመራ ከማንኛውም ቤተ ሙከራ ይልቅ ዋጋ አለው። በጅማ ዙሪያ ያለው የቡና ጥላ ዛፍ፣ ሰሳውም ዋንዛውም ብርብራውም፣ በሞስና በሊቨርወርት የተሸፈነ ነው፤ ጫካው ወደ ቡና ማሳ ሲለወጥ ግንዱ ብዙ ብርሃንና ብዙ ነፋስ ያገኛል፤ እርጥበት የሚወዱት እየቀሩ ድርቅ የሚችሉት ይገባሉ። ቀድሞ የማይገናኙ የቅርብ ዘመዶች በአንድ ቅርፊት ላይ የሚገናኙት እንዲህ ባለ ቦታ ነው።

---

የጊንጆ ተማሪ

ለሁላችሁም ክብር ይስጥልኝ። ሁለት ነገር ልጠይቅ። በረግረግ ስለሚበቅለው ሞስ ስለ ስፋግነም ምንም አልተባለም፤ በክፍል ውስጥ ግን ስለ ሞስ ስንማር ከሁሉ ቀድሞ የሚጠራው እርሱ ነው። በተጨማሪም ሊቨርወርትና ሆርንወርት በመጀመሪያው ጽሑፍ ተጠቅሰው እስካሁን ድረስ ውይይቱ ስለ ሞስ ብቻ ነው።

---

ሄርማታ ላብ

በሞለኪውል ምርመራ ላይ ስለምሠራ ለዚህ እኔ ልመልስ።

ስፋግነም በመዳቀል ከተወለዱ ዝርያዎች ብዛት አንጻር ምናልባት ከሞሶች ሁሉ የበለጠ የተጠና ነው። የወላጆቹ ጋሜቶፋይት በተለምዶ 19 ክሮሞዞም ሲኖረው የተዳቀሉት 38 ይይዛሉ። ስፋግነም ሩሶዊ ከሁለት ዝርያዎች ስብስብ ተደምሮ የተገኘና በሰሜኑ ዓለም በሰፊው የተሠራጨ ነው። በአንጻሩ ስፋግነም ትሮንዴላጊኩም የሚገኘው በመካከለኛው ኖርዌይ ብቻ ነው፤ ወላጆቹ ቴኔሉምና ባልቲኩም የተባሉት ናቸው። አንዱ ዲቃላ አህጉራትን ሲሸፍን ሌላው ከአንድ አውራጃ አለመውጣቱ መዳቀል ብቻውን የዝርያን ዕድል እንደማይወስን ያሳያል። ከዚህም አልፎ በኒውዚላንድና በታዝማኒያ የሚገኘው ስፋግነም ፋልካቱሉም ራሱ የተዳቀለ ወላጅ ዳግመኛ ተዳቅሎ የተገኘ፣ የሦስት ዝርያዎችን ስብስብ በአንድ ላይ የያዘ ነው።

በእነዚህ ዝርያዎች እናቲቱ የትኛዋ እንደ ነበረች የሚታወቀው በክሎሮፕላስት (ተክሉን አረንጓዴ የሚያደርገው የሕዋስ ክፍል) ዲኤንኤ ነው፤ ክሎሮፕላስት በሞሶች ከእናት በኩል ስለሚተላለፍ። የሕዋስ አስኳሉ ዲኤንኤ የሁለቱንም ወላጆች አሻራ ሲያሳይ ክሎሮፕላስቱ የአንዷን ብቻ ያሳያል፤ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ነው ሥራው።

ከሊቨርወርቶች ፖሬላ ቤቲካ ከሁለት የፖሬላ ዝርያዎች መዳቀል የመጣች ናት። ማርካንሺያ ፖሊሞርፋ ግን ጥንቃቄ ታስተምራለች። ሦስት ንዑሳን ዝርያዎች ያሏት ሲሆን ከሦስቱ አንዷ የሌሎቹ ሁለቱ ዲቃላ ናት የሚል ግምት ለረጅም ጊዜ ነበረ፤ ሙሉ ጂኖማቸው ሲነጻጸር ግን ነገሩ ይህን ያህል ቀላል ሆኖ አልተገኘም። ሁለት ዝርያዎች አንድ ዓይነት የጂን ቅጂ ሲጋሩ ምክንያቱ መዳቀል ሊሆን ይችላል፤ ከጋራ አያታቸው የወረሱትን ሳይጥሉ ቆይተውም ሊሆን ይችላል። ሁለቱን መለየት አንድ ወይም ሁለት ጂን በማንበብ አይቻልም። ስለ ሆርንወርት በአጭሩ፦ የክሮሞዞም ብዛታቸው በአብዛኛው 5 ሲሆን ሁለት እጥፍ ስብስብ ያላቸው እጅግ ጥቂት ናቸው፤ በመዳቀል በኩል ከዘመዶቻቸው ሁሉ ዝምተኞቹ እነርሱ ናቸው።

---

አባ ጫካ (ሸቤ)

ብዙ ተማርሁ። አሁን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። ብዙ ሰው ዲቃላ ፍለጋ ወደ ጫካው ገብቶ ከግንዱ ላይ እየላጠ ቢወስድ፣ ዝናብ ተሸክሞ የሚያቆየው ያ ልባስ በአንድ ቀን ይጠፋል፤ ተመልሶም ቶሎ አይበቅልም። ከዚህ በፊት ለጌጥ ሲላጥ አይቻለሁ። እባካችሁ መጀመሪያ የሚወሰደውን መጠን ወስኑ።

---

የቆጪ መምህርት

አባ ጫካ ትክክል ናቸው፤ እኔም ተማሪዎቼን ወደ ተጠበቀ ጫካ አልልክም። ለመጀመሪያ ልምምድ ከከተማው ሳንርቅ የምንሠራበት ቦታ አለ። ፉናሪያ ሃይግሮሜትሪካ ከሰል በተከሰለበትና እሳት በነደደበት መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅል ሞስ ነው፤ ረዣዥም ዘንጎቹና የታጠፉ ከረጢቶቹ ለተማሪ ዓይን የተመቹ ናቸው። በቦዬ ረግረግ ዳርቻ ውኃው ሲሸሽ በሚቀረው ጭቃ ላይ ደግሞ የእርሱን ቤተሰብ ትንንሽ ዘመዶች መፈለግ ይቻላል። የተቃጠለው መሬት ከጭቃው ጋር የሚገናኝባቸው ቦታዎች ካሉ ከሁሉ የሚሻሉት እነርሱ ናቸው። ከእነዚህ ቦታዎች የሚወሰድ ጥቂት ከረጢት ማንንም አይጎዳም፤ መሬቱ ራሱ በየዓመቱ የሚለዋወጥ ነውና።

---

የጊንጆ ተማሪ

ከረጢቱ በምን ደረጃ ላይ ሲሆን ይወሰድ? አረንጓዴ ሳለ ነው ወይስ ቡናማ ከሆነ በኋላ?

---

ጅሬን ማዶ

አባ ጫካ ያሉትን ሁላችንም እንያዘው፦ ከጫካ ግንድ ላይ ምንም አይላጥ፤ በማክሮሚትሪየም ላይ የሚደረገው ምልከታ ተክሉ ካለበት ሳይነሣ በአጉሊ መነፅር ይሁን፣ የሚወሰድ ካለም ከወደቀ ቅርንጫፍ ላይ ብቻ ይሁን።

ስለ ደረጃው፣ ከረጢቱ ወደ ቡናማነት መለወጥ ሲጀምርና ክዳኑ ገና ሳይወድቅ ይወሰድ። በዚያ ጊዜ ስፖሮቹ ቅርጻቸውን ጨርሰዋል፤ ሆኖም አልተበተኑም። አረንጓዴ ከረጢት ውስጥ ያሉት ገና ስላልበሰሉ ጤናማውም የጨነገፈ ይመስላል፤ ክዳኑ ከወደቀ በኋላ ደግሞ ጤናማዎቹ ቀድመው ወጥተው የተጨማደዱት ብቻ ስለሚቀሩ ዲቃላ ያልሆነው ዲቃላ ይመስላል። ከአንድ ጉብታ አንድ መካከለኛ ከረጢት ሲወሰድ ከዚያው ጉብታ አንድ የተለመደ ከረጢት ለማነጻጸሪያ አብሮ ይወሰድ፤ ዘንጉ ሳይቆረጥ ከእናቱ ቡቃያ ጋር በወረቀት ፖስታ ይታጠፍ፤ ፕላስቲክ ሻጋታ ስለሚያመጣ አይሁን። በፖስታው ላይ ቦታው፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ ያረፈበት ነገር (አፈር፣ አመድ፣ ቅርፊት) እና በአካባቢው ያሉት ሌሎች የዚያው ወገን ዝርያዎች ይጻፉ። የመጨረሻው ካልተጻፈ ስፖሩ ምንም ያህል የጨነገፈ ቢሆን አባት ሊሆን የሚችለውን ማንም ሊጠቁም አይችልም።

---

ሄርማታ ላብ

ወረቀት ፖስታው ለእኔም ይስማማኛል፤ በጥላ የደረቀ ሞስ ዲኤንኤው በደንብ ይቆያል። ዘንጉንና ከረጢቱን ከእናቲቱ ቡቃያ ለይቼ ለየብቻ ስለማወጣ ሳትነጣጥሉ፣ ሳታጥቡም አምጡልኝ፤ ቡቃያው የእናቲቱን ብቻ፣ ዘንጉ ደግሞ የእናቲቱንና የአባቱን ማሳየት አለበት፤ ሁለቱ ውጤቶች አንድ ከሆኑ ከረጢቱ ምንም ያህል መካከለኛ ቢመስል ዲቃላ አይደለም።